ያልቀመሰውን የማይሸጠው ባለ ሉካንዳ

«ንጋት ላይ ብመጣ ደጃፍሽ ላይ ብቆም፣
ህም… ህምም… ህምም… አንቺን የሚጠቁም…»

ከዚህ ወዲያ አያውቀውም። ካረጀ ሬዲዮ ይስማው፣ ከመንገደኛ አፍ ይልቀመው፣ ራሱም ረስቶታል። ብቻ ገና ጺም ሳያበቅል ጆሮው ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ተወደደ እንግዳ ውጣ ሳይባል እዚያው አርጅቷል። የመጀመሪያው ስንኝ ሙሉ ነው። ከሁለተኛው የተረፈው ጭራው ብቻ ነው። ክፍቱን ቦታ እጁ የያዘውን ነገር እየወሸቀ ይሞላዋል። ሽንጥ ሲቆርጥ «ሽንጥና ፍሪምባ አንቺን የሚጠቁም» ይላል፤ አጥንት ሲሰብር ደግሞ «ቅልጥምና ጎድን አንቺን የሚጠቁም»። ያቺ ደጃፏ ላይ የተቆመላት ቆንጆ ይህን ብትሰማ በሯን ከውስጥ ትቀረቅር ነበር።

ሰፈሩ ጋሼ ቅምሻ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የግብር መሥሪያ ቤቱ ብቻ ናቸው። ሉካንዳው ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ከጫማ ሰፊው ሱቅ ጎን ተለጥፎ የቆመ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ ነጭ ሸክላ ለብሷል። በግራ በኩል የብረት ዘንግ ከነመንጠቆዎቹ ተዘርግቷል፤ ሥጋው እዚያ ይሰቀላል። በቀኝ በኩል ሰፊ ትሪ አለ፤ ጉበቱ፣ ኩላሊቱ፣ ምላሱ፣ ልቡ እዚያ ይደረደራል። መሐል ላይ ቢላዋ የበላው ግንድና ሚዛኑ አሉ። ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ አንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃና እጀታው የተቃጠለ መጥበሻ። የጋሼ ቅምሻ ስምም፣ ክብርም፣ በኋላ እንደምናየው መከራውም የበቀለው ከዚያ መጥበሻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራውን ያስተማረው ሽማግሌ ባለ ሉካንዳ አንድ ቃል አውርሶት ሞተ፤ «ያልበላኸውን ለሰው አታብላ» አለው። ዓይን ይታለላል፣ አፍንጫም ጉንፋን ይይዘዋል፤ ሲታረድ የደነገጠን በሬና ክፉ መኖ የበላችን ላም የሚያውቀው ምላስ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ቅምሻ በየጠዋቱ ከመጣለት ሥጋ ሁሉ፣ ከየብልቱ የጣት ያህል ይቆርጥና መጥበሻው ላይ ጣል ያደርጋል። ያለ ጨው፣ ያለ ምንም። ዓይኑን ጨፍኖ ያላምጣል። ከዚያ መጋረጃውን ገልጦ ይወጣና ለተሰለፈው ሰው ፍርዱን ያሰማል።

«የዛሬው ሽንጥ እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው! ጎድኑ ትንሽ ዕድሜ አለው፤ ችኩል ሰው አይግዛው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት። አንድ ጠዋት እንኳ ሳይዘል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ከሌላ ሰፈር፣ ሌሎች ሁለት ሉካንዳዎችን አልፎ፣ ዳገቱን እያለከለከ ወጥቶ እሱ ዘንድ የሚመጣው ለሌላ አይደለም። «ቀምሰኸዋል?» ይላል ገዢው። «ካልቀመስኩት መቼ ሰቀልኩት!» ይላል ጋሼ ቅምሻ። ይኸው ነው ውሉ፤ ሌላ ፊርማ አልነበረም።

ታዲያ ቅምሻ እንደ ሐሜት ናት፤ በአንድ አፍ አታበቃም። የጣት ያህሉ የመዳፍ ያህል ሆነ። ለምሳ የተረፈው ቁራጭ ተጠበሰ፤ ለእራትም ያልተሸጠው ወደ ቤት ገባ። ያን ሁሉ የሚበላው ደግሞ ቆሞ ነው። ግንዱ አጠገብ፣ አንድ ዓይኑ በሩ ላይ፣ አንድ እጁ ሚዛኑ ላይ። ጉልበት ግን ነበረው፤ ይህ አይካድም። ግማሽ በሬ በትከሻው ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ጫማ ሰፊው መርፌውን አቁሞ «በል እንግዲህ፣ ሥጋ ሥጋን ሲሸከም እዩ!» ይል ነበር።

ሚስቱ ከመንገዱ ማዶ አትክልት ትሸጣለች። ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ ቲማቲሙን በሳጥን ደርድራ፣ ትልቅ ጃንጥላ ተክላ፣ ከበላይዋ አረንጓዴ ጥላ ከበታችዋ አረንጓዴ ቅጠል፣ መሐል ላይ እሷ እንደ አበባ። የሰፈሩ ድስት ግማሹ ከባል እጅ፣ ግማሹ ከሚስት እጅ ይሞላል። ቀትር ሲሆን እሷ ከጎረቤት ሻጮች ጋር ዝቅ ያለችውን ጠረጴዛ ዘርግታ ተቀምጣ ትበላለች።

«አንተ ሰውዬ! ና እንጂ፣ ቁጭ በልና ብላ!» ትለዋለች በየቀኑ፣ መንገዱን አሻግራ።

«በልቻለሁ!»

«ቆሞ የተበላ አይቆጠርም!»

«ታዲያ ጎመን ልብላ? በግ ነኝ?»

«በግስ ብትሆን ይሻልህ ነበር፤ በግ ቢያንስ ሲጠሩት ይመጣል!»

መንገዱ ይስቃል። እሱም ይስቅና ቢላዋውን እየሳለ ወደዚያች ጎዶሎ ዘፈኑ ይመለሳል።

አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ሕመም ግን የሚዘፈንለት አልነበረም። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ቀልታ፣ አብጣ፣ እንደ ፍም ትነድዳለች። አንሶላው ሲነካት ጮኸ። አየር ሲነካት ጮኸ። ሚስቱ «ምን ሆንክ?» ስትለው ግን «ጫማው ነው» አለ።

ጫማው ነው! ወንድ ልጅ በሽታውን የሚያላክክበት ሲያጣ ጫማውን ይከሳል። ጠዋት እያነከሰ ወረደና ጫማ ሰፊው ፊት እግሩን ዘረጋ።

«ጠቦኛል፤ አስፋልኝ።»

ጫማ ሰፊው አሰፋለት። በማግስቱም ተመልሶ መጣ፤ እንደገና አሰፋለት። በሦስተኛው ቀን ጫማውን አገላብጦ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይህ ጫማ አሁን ለዝሆንም ይሆናል። የጠበበው ጫማው አይመስለኝም።»

«ዝም ብለህ አስፋ!»

«ምኑን ላስፋ? የቀረኝ እግርህን ማጥበብ ነው።»

በመጨረሻ ከፊቱ የተቀደደ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ አውራ ጣቱን እንደ ሹም ብቻዋን ወደ ፊት አስቀምጦ ግንዱ ጋ ቆመ። ሚስቱ መንገዱን ተሻግራ መጣች፣ ወገቧን ያዘች፣ ጣቲቱን አየች፤ ስንኝ ለእሷ እንደ ማስነጠስ ነው፣ ከመጣ አይመለስም፦

«አፍህ በልቶ ጠግቦ እግርህ ተከሰሰ፣
ጣትህ ዱባ አክሎ ጫማህን በጠሰ።»

ተሰልፈው የነበሩት አጨበጨቡ። እሱም ሕመሙ ፊቱን እያጨማደደው ሳቀ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ዛሬውኑ ትሄዳለህ።»

ሄደ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኛት ሐኪም መነጽሯ ከፊቷ የሚሰፋ ወጣት ናት። ጣቱን አየች፣ ደሙን አስመረመረች፣ ግፊቱን ለካች፣ ከዚያ «ሪህ ነው አባቴ» አለችው።

«ሪህ? እኔ እኮ ብርድ ላይ አልተኛሁም።»

«ከብርድ አይደለም። ሥጋ ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ ዩሪክ አሲድ የሚባል ዝቃጭ ይተዋል። ኩላሊት እያጠበ ያስወጣዋል። ከልክ ሲያልፍበት ግን ያቅተዋል፤ ያኔ እንደ መስታወት ስባሪ እየሆነ መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። እርስዎ ጣት ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። ግፊትዎም ከፍ ብሏል። ሥጋ ያዘወትራሉ?»

«ሰው የሚበላውን ያህል» አለ ጋሼ ቅምሻ፣ ሰው ማለት እሱ ነውና።

በር ላይ ብዙ ሰው ይጠብቃታል፤ አልቆየችም። የማስታገሻ መድኃኒት ጻፈች፣ ውሃ በብዛት ይጠጡ አለች፣ «ቀይ ሥጋ ለጊዜው ይተዉ፤ ሲሻልዎ በሳምንት አንዴ ሁለቴ፣ በልኩ» ብላ ሸኘችው።

አሁን እንግዲህ፣ ይህን ሰው የማያውቅ ሰው ሐኪሟን ሸወዳት ይል ይሆናል። እግዜር ያሳያችሁ፣ አልሸወዳትም። ቃሏን እንደ ማተቡ ነው ያከበረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መንጠቆ ላይ ከተሰቀለው አንዲት ቁራጭ ለምሳም ለእራትም አልነካም። ሚስቱ ማታ ማታ ምስር ስትሰጠው በረጅሙ እየተነፈሰ በላ። የሳምንቱ ገድል በመንገዱ ሁሉ ተወራ፤ «ጋሼ ቅምሻ ሥጋ ተወ!» ጫማ ሰፊውም «ዓሣ ውሃ ተወ በሉኝ» አለ።

ነገር ግን በግራ በኩል መንጠቆ ካለ በቀኝ በኩል ትሪ አለ። በእሱ ሙያ እነዚህ ሁለቱ ተቀላቅለው አያውቁም። በተለያየ ቢላዋ ይቆረጣሉ፣ በተለያየ ወረቀት ይጠቀለላሉ፣ ገዢያቸውም ለየቅል ነው። ስለዚህ ቀትር ላይ ሲርበው፣ በንጹሕ ኅሊና፣ ጉበት ጠበሰ። በማግስቱ ኩላሊት። አጥንት ደግሞ ለማንም ግልጽ ነው፣ አጥንት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ተቀቅሎ ያደረ የቅልጥም መረቅ በትልቅ ኩባያ ጠዋትና ቀትር ጠጣ። «ውሃ በብዛት» ብላው የለ? የጠዋቷን ቅምሻም አላቋረጠም፤ እሷ ሥራ እንጂ ምግብ አይደለችም። ዳኛ ሲናገር ፈረደ ይባላል እንጂ አወራ አይባልም።

ለሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ በሽታው ለብቻው አልመጣም፤ ወንድሙን ይዞ መጣ። ሁለቱም አውራ ጣቶች፣ አንድ ቁርጭምጭሚትም ምርቃት ተጨምሮ። ሚስቱና ጫማ ሰፊው በግራና በቀኝ ደግፈው፣ የሰርግ ሙሽራ እንደሚታጀብ አጅበው፣ ጤና ጣቢያ አደረሱት።

«አልገባኝም» አለች ሐኪሟ ወረቀቱን እያየች። «እንዲያውም ብሷል። አባቴ፣ እስኪ የትናንቱን ይንገሩኝ። ከጠዋት ጀምሮ የበሉትን ሁሉ።»

ጋሼ ቅምሻ ደረቱን ነፋ፤ ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል። «ጠዋት ቀመስኩ።»

«ምን?»

«ሽንጥ፣ ጎድን፣ ፍሪምባ፣ ጭቅና፣ ትከሻ። ግን ቅምሻ ነው፤ አይቆጠርም። ከዚያ መረቅ ጠጣሁ። ምሳ ጉበት በላሁ። ከሰዓት ትንሽ ኩላሊት…»

«ጉበት?!» አለች ሚስቱ። «አንተ ጉድ! ጉበት?!»

«ሥጋ አልነካሁም!» አለ ጋሼ ቅምሻ፣ ከልቡ ተቆጥቶ። «ሥጋ መንጠቆ ላይ ነው የሚሰቀለው። ትሪ ላይ ያለው ሌላ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ አድርጌ ነው የሸጥኩት፤ ዛሬ ተደባለቀ እንዴ?»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። መነጽሯን አወለቀች። ከንፈሯን ነከሰች፣ ለትንሽ ታገለች፣ ከዚያ አልቻለችም፤ ሳቋ ፈነዳ። ጫማ ሰፊውም ተከተላት። ሚስቱ እንኳ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

«አባቴ» አለች ሐኪሟ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ሰውነትዎ መንጠቆና ትሪ አይለይም። ጉበትና ኩላሊት ለዚህ በሽታ ከሥጋ ይብሳሉ። መረቁም ከዚያው ጎራ ነው። እሳቱን ልናጠፋ ስንሞክር እርስዎ ጋዝ ሲያፈሱበት ከረሙ!»

ከዚያ ሳቋን ትታ ወደ እሱ ጠጋ አለች። እንዲህ ከቀጠለ መገጣጠሚያው እየተበላ እንደሚሄድ፣ ኩላሊቱም ጠጠር እንደሚያፈራ፣ ያኔ ግንዱ አጠገብ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መሥራት የሚባል ነገር እንደሚያበቃ ቀስ ብላ ነገረችው። «ቅምሻውም ጭምር ይቆማል። ለጥቂት ወራት፣ ምንም።»

ጋሼ ቅምሻ ሁሉንም ተቀበለ። ጉበቱን ሰጠ፣ መረቁን ሰጠ። ቅምሻው ላይ ሲደርስ ግን ሐኪሟን ተማጸናት።

«ልጄ፣ ካልቀመስኩ እኮ መሸጥ አልችልም። ከቀመስኩ ደግሞ መቆም አልችልም። ታዲያ ምኔን ይዤ ልኑር?»



አንድ ሳምንት ሉካንዳው ተዘጋ። እብጠቱ ሲጎድል፣ የተረፈውን የመጨረሻ ሥጋ ሊሸጥ ከፈተ፤ ሱቁ ሳይዘጋ ቀምሶት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀመጠው ነበር። መጀመሪያ የገባችው ጥግ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀጭን፣ ከንፈሯ የነጣ፣ ደረጃ ስትወጣ የምታርፍ ልጅ።

«ጋሼ፣ ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ግማሽ ኪሎ። ሐኪሟ ደምሽ አንሷል፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ሥጋ ብዪ አለችኝ።»

«የቷ ሐኪም?»

«ያቺ መነጽሯ ትልቅ።»

ጋሼ ቅምሻ ቢላዋውን አየር ላይ አቆመ። «እኔን ከልክላ ላንቺ አዘዘች? ይቺ ልጅ ሥጋውን ከአፌ ነጥቃ ነው እንዴ የምታድለው!»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ስትስቅ እንኳ ትንፋሽ ያጥራታል። እሱም አያትና ቁጣው እንደ ጤዛ ረገፈ። አንዱ ሥጋ፣ ከአንዱ መንጠቆ፤ ለእሱ የመስታወት ስባሪ፣ ለእሷ ደም። ጨው ያለ ልክ ወጥ ያበላሻል፣ ያለ ጨውም ወጥ የለም፤ እንዲህ ቀላል ነገር ሥጋ ሲቆርጥ ለኖረ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት እንዴት ሳይታየው ቀረ? ከሽንጡ ንጹሑን ቆረጠላት፣ ስቡን ገፈፈላት፣ ሚዛኑም በእሷ በኩል ዘንበል ብሎ ቆመ።

«ቀምሰኸዋል አይደል ጋሼ?» አለች በልማድ።

«ቀምሼዋለሁ» አለ። እውነቱን ነበር። ይህን ቃል በእውነት ሲናገር ግን ምናልባት የመጨረሻው እንደሆነ አሰበና ወረቀቱን ሲጠቀልል እጁ ዘገየ።

በማግስቱ አዲስ ሥጋ መጣ። ሰቀለው። መጋረጃውን ገልጦ ገባ፣ መጥበሻውን አየው፣ መጥበሻውም አየው። ሳይነካው ወጣ። ውጭ ስምንት ሰው ተሰልፏል፤ ከሰልፉ ራስ ላይ የቆሙት ደግሞ፣ ከሰው ሁሉ መርጦ ዕጣው የጣለበት፣ ጡረታ የወጡት መምህር ናቸው። እኚህ ሴት ሥጋ አይገዙም፣ ይፈትናሉ። አርባ ዓመት የተማሪ ደብተር ያረመ ዓይናቸውን ሽንጡ ላይ ጣል አድርገው፣ ጅማት ካገኙ «ይህ ምንድነው?» ይላሉ፤ ባለ ሉካንዳውም ከመቀመጫው እንደተነሣ ተማሪ ይንተባተባል። ዝምታቸው ነው ከእሳቸው የሚገኝ ትልቁ ምስጋና።

«ደህና አደርክ? አንድ ኪሎ ጎድን። ቀምሰኸዋል?»

አፉ ተከፈተ። ስምንት ሰው ይሰማዋል። ማዶ ሚስቱ ጎመን ላይ ውሃ ትረጫለች።

«አዎ» አለ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ክፍል ውስጥ ያልተሰማ ቃል ነበር፤ ቃሉ ያው የድሮው ነው፣ ውሸት ሆኖ ግን ተሰምቶ አያውቅም። መዘነ፣ ጠቀለለ፣ ሰጣቸው። መምህሯ ወጡ። ቀጥሎ ያለው ሰው «ለእኔ ፍሪምባ» ይለዋል፤ እሱ አይሰማም። ጆሮው ውስጥ የሚጮኸው ያ «አዎ» ነው። ድንገት ቢላዋውን ግንዱ ላይ ተከለና በዚያ በተቀደደ ነጠላ ጫማ፣ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ እያነከሰ መንገድ ወጣ።

«እትዬ! እትዬ መምህር! ይመልሱልኝ!»

መምህሯ ቁልቁለቱን ጀምረዋል፤ ዞረው ቢያዩ፣ ደም የነካው ሽርጥ የለበሰ ግዙፍ ሰው አንድ እግሩን እየጎተተ ይመጣባቸዋል። ሌላ ሴት ብትሆን ትሮጥ ነበር። እሳቸው ቆመው ጠበቁት።

«ምን ጠፋብህ?»

«አልቀመስኩትም!» አለ፤ መንገዱ ሁሉ ሰማ። «ዋሸሁ። አልቀመስኩትም። ሐኪም ከልክላኛለች፤ ከቀመስኩ መቆም አልችልም። ይመልሱልኝና ሌላ ቦታ ይግዙ። ነገም አልቀምስም። ከነገ ወዲያም።»

የጫማ ሰፊው መዶሻ ቆመ። ጃንጥላው ሥር ሚስቱ የውሃ ጣሳዋን እንደያዘች ቀረች። ሰልፈኛው ሁሉ ከሉካንዳው በር አንገቱን አስግጓል። ጋሼ ቅምሻ በዚያች ደቂቃ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ቁልቁል ሲንከባለል በዓይኑ አየው።

መምህሯ ጥቅሉን አዩት፣ እሱን አዩት፣ ከዚያ ያቺን ቀይ አውራ ጣት አዩ።

«ችግርህ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ እትዬ።»

«ምላስ ያለህ አንተ ብቻ ነህ እንዴ በዚህ ሰፈር?»

መልስ አልጠበቁም። አልፈውት ዳገቱን ወጡ፣ ሉካንዳው ገቡ፣ ሰልፈኛውን በክርናቸው ከፍለው መጋረጃውን ገለጡ። «እሳቱን አንድድ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። እንደ ሕፃን ታዞ አነደደ። ከየብልቱ የጣት ያህል ቆረጠ፤ ጠበሰ፤ በሹካ አቀረበ። መምህሯ ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። ረጅም ጊዜ። ጋሼ ቅምሻ የሚያላምጥ ሰው ፍርዱን ለሚጠብቅ ይህን ያህል ታላቅ መስሎ እንደሚታይ እስከዚያ ቀን አላወቀም ነበር። ከዚያ መጋረጃውን ገልጠው ወጡና ለክፍል እንደሚያነብቡ አነበቡ፦

«ሽንጡ ደህና ነው። ፍሪምባው መልካም ነው። ጎድኑ ግን ጠንካራ ነው፤ በደንብ መቀቀል አለበት። ትከሻው…» ቆም አሉ። «ትከሻውን እኔ እወስደዋለሁ። ጎድኔን ለውጥልኝ።»

ጋሼ ቅምሻ ጎድኑን በጣቱ ጫን ብሎ አየው። እውነታቸውን ነበር፤ እሱም ቢቀምሰው ያንኑ ነበር የሚለው። ከሰልፉ አንድም ሰው አልወጣም። እንዲያውም ከኋላ ያለው «እኛስ? እኛ ምላስ የለንም?» አለ።

ሚስቱ ግን ሣጥኗን ትታ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። «ቆይ ቆይ፣ እንዳትቸኩሉ! እትዬ በየቀኑ ከቀመሱ የእሳቸው ጣትስ? አንድ ዱባ ይበቃኛል፤ ሁለተኛ አልሸከምም።»

ሳቁ ሲበርድ ነገሩ ተወሰነ። በየጠዋቱ ከሰልፉ ራስ ላይ የቆመ ሰው ይቀምሳል፤ ፍርዱን ራሱ ያሰማል፤ አንድ ሰው በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ አይቀምስም። በአንድ ሰው አፍ ገብቶ መርዝ የሆነው ነገር፣ ለሰፈሩ ሲከፋፈል ቁርስ እንኳ አልሞላም።

በዚህ ሕግ ያልተደሰተ ጫማ ሰፊው ብቻ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን አልበቃውም። ተራው በደረሰ ቀን ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ይገተርና የቀመሰውን ሁሉ «እግዜር የሠራው ነው!» ይላል፤ አንድ ጊዜ መቆረጫው ግንድ ላይ የቀረ ስብ ሳይቀር አሞገሰ። ሰዎቹ ተማከሩና የእሱ ቀን ሲሆን ከኋላው ያለው ሰው እንዲደግም ተስማሙ። ልብስ ሰፊዋም ተራዋን አግኝታ ነበር፤ ጉንጯ ላይ ቀለም መጥቷል፣ አሁን ደረጃ ስትወጣ አታርፍም። መምህሯ ማክሰኞ ማክሰኞ ይቀምሳሉ። ማክሰኞ ሰልፉ ይረዝማል፤ ከእሳቸው ፍርድ ያመለጠ ሥጋ የለማ።

ወር አለፈ፣ ሁለተኛው ተከተለ። እብጠቱ ጠፋ። ሐኪሟ ደሙን አይታ «ጎበዝ!» አለችው፤ ስልሳ ሊሞላው የቀረበ ሰው በዚያች ቃል ጆሮው ቀላ። ግፊቱም ወረደ። በሳምንት አንድ ቀን ከመዳፉ ያነሰች ሥጋ ተፈቀደችለት፤ ከመንጠቆው፣ ከትሪው አይደለም። «ይህን ደግመን እንድናወራ አታድርገን» አለች ሚስቱ።

አንድ ቀትር ላይ፣ ሰልፉ ቀልሎ፣ ፀሐይ ሸክላው ላይ ተንጣልላ ሳለ ማዶ ጠረጴዛው ተዘረጋ። ባቄላው በቲማቲም ተሠርቶ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ጎመኑ በነጭ ሽንኩርት ተጠብሷል፤ ዳቦው ገና ትኩስ ነው። የጎረቤት ሻጮች ተሰብስበዋል። ሚስቱ እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ ወደ ሉካንዳው ተጣራች።

«አንተ ሰውዬ!»

«በልቻ…» ብሎ ጀመረና አቆመ። አልበላም ነበር። ርቦታል፤ እንዲያውም እውነተኛ ረሃብ፣ ያ በየሰዓቱ በቁራጭ ሥጋ ሲያታልለው የኖረው ረሃብ። ቢላዋውን አጠበ። ሽርጡን ፈታ። ሚዛኑን በጨርቅ ሸፍኖ የበሩን ግማሽ መለሰና መንገዱን ተሻገረ፤ ሳያነክስ።

ባዶ የቲማቲም ሳጥን ገልብጠው ሰጡት። ከሳጥኑ በላይ ረጅም ጊዜ ተገትሮ ቆየ፤ ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው፣ እጁን የት እንደሚያሳርፈው ግራ ገባው።

«ተቀመጥ እንጂ፣ አይነክስም» አለች።

ተቀመጠ። ሳጥኑ አጓራ። ሚስቱ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችው፤ እሱም ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን ለእሷ ሰጠና በልቶ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ሉካንዳው በር አልዞረም።